ቢጫው የሞተር መብራት ሲበራ፦ ኮዱ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

በገጠር ቀበሌዎች እና በወረዳ ከተሞች መካከል ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር እና ሰው ከሚያመላልሱት ፒክአፕ መኪናዎች በርካቶቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኗ ደግሞ ነባር መኪናዎችን ጠብቆ እና ጠግኖ የመጠቀምን ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል።

የእነዚህን መኪናዎች ባለንብረቶች በእጅጉ ከሚያደናግሩት ምልክቶች አንዱ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቢጫ የሞተር ቅርጽ ያለው መብራት ነው። በተለምዶ "ቼክ ኢንጂን" ይባላል። መብራቱ ሲበራ መኪናው ወዲያው ላይቆም ይችላል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጭሱ ይበዛል ወይም ነዳጅ ይበላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር አይታይበትም። ጋራዥ ሲደርስ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ይሰካና አንድ ኮድ ይወጣል። ኮዱ የጠራው ዕቃ ተገዝቶ ይገጠማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ከቀናት በኋላ ግን ያው መብራት ተመልሶ ይበራል። ባለንብረቱ በሽታ ላልነበረው ዕቃ ገንዘቡን ከፍሏል፤ የመጫኛ ቀናትም አልፈውበታል፤ በመሐል ማሳ ላይ የነበረ ምርትም ሊበላሽበት ይችላል።

ይህ የሚሆነው ኮዱ ስለዋሸ አይደለም። ኮዱ የፍተሻ መነሻ ሆኖ ሳለ እንደ ፍተሻ ውጤት ስለሚቆጠር ነው።

መብራቱ ለምን ተሠራ?

ይህ መብራት በመጀመሪያ የታሰበው የሞተርን ብልሽት ሁሉ ለመንገር አልነበረም። ዋና ዓላማው ከጭስ ማውጫ የሚወጣው በካይ ጋዝ ከተፈቀደው መጠን ሲያልፍ ወይም ሊያልፍ ሲችል አሽከርካሪውን ማስጠንቀቅ ነው። በአየር ብክለት ክፉኛ ስትቸገር የኖረችው የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት መኪናዎች የራሳቸውን ብልሽት እንዲመዘግቡ ከእ.አ.አ 1988 ሞዴል ጀምሮ ማስገደድ ጀመረች። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ሁለተኛው ደረጃ፣ "ኦቢዲ 2" የሚባለው፣ በመላው አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በአውሮፓ ተመሳሳዩ ሥርዓት ለቤንዚን የቤት መኪናዎች ከ2001፣ ለናፍጣዎቹ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።

ሥርዓቱ የሚሠራው በቀላል መርህ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የአየርን መጠን፣ ሙቀትን፣ ግፊትን እና የመሳሰሉትን ከሚለኩ ሴንሰሮች መረጃ ይቀበላል። የሚጠብቀውን ቁጥር ከሚያየው ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከተቀመጠለት ወሰን ካለፈ ኮድ ይመዘግባል። ብዙዎቹ ከጭስ ጋር የተያያዙ ኮዶች መብራቱን የሚያበሩት ችግሩ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ላይ ሲታይ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ኮዱ ገና ያልጸና ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህም ነው መብራት ሳይበራ የኮድ ማንበቢያ አንዳንድ ጊዜ ኮድ የሚያሳየው።

ሁሉም መኪና ኮድ አያወጣም

ለማንበቢያ መሣሪያ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መኪናው ኮምፒውተር ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ለምሳሌ "ፋይቭ ኤል" የሚባለው ሞተር የተገጠመላቸው ቆየት ያሉ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ናፍጣውን የሚረጩት በሜካኒካል ፓምፕ ነው። በእነዚህ ላይ ፍተሻው በዐይን፣ በጆሮ እና በመለኪያ መሣሪያ እንጂ በኮድ አይካሄድም። ከ2005 ገደማ በኋላ የተሠሩት "ዲ-ፎር-ዲ" የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሃይሉክሶች እና በዚያ ዘመን የተሠሩ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ ሌሎች ፒክአፖች ግን ኮድ ይመዘግባሉ።

መሰኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች፣ በአሽከርካሪው ጉልበት አካባቢ ይገኛል። 16 ቀዳዳዎች ያሉት፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ቅርጽ አለው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኙ ትንንሽ ማንበቢያዎች ለመሠረታዊ ንባብ በቂ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳንድ የቆዩ መኪናዎች መሰኪያው ኖሯቸው ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የመኪናውን ዓይነት ለይቶ የሚያውቅ የጋራዥ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የኮዱ አነባበብ

አንድ ኮድ በአንድ ፊደል እና በአራት ቁጥሮች ይጻፋል። "ፒ0401" የሚለውን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው ፊደል "ፒ" ጉዳዩ የሞተር ወይም የካምቢዮ መሆኑን ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው "0" ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ትርጉም ያለው መሆኑን ይናገራል፤ በቦታው "1" ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ የሚገኘው ከዚያ አምራች መመሪያ ነበር። ሦስተኛው ቦታ ክፍሉን ይጠቁማል። 1 እና 2 የአየር እና የነዳጅ ልኬትን፣ 3 የማቀጣጠል ጉድለትን፣ 4 ደግሞ የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎችን ይወክላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የችግሩን ዓይነት ለይተው ያስቀምጣሉ።

በዚህ መሠረት "ፒ0401" የሚለው ኮድ "በኢጂአር በኩል የሚያልፈው ጋዝ ከሚጠበቀው በታች ነው" ማለት ነው። "የኢጂአር ቫልቭ ተበላሽቷል" ማለት ግን አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

አንድ ኮድ፣ ብዙ ምክንያት

ኢጂአር ከሞተር ተቃጥሎ ከወጣው ጋዝ ጥቂቱን መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልክ ክፍል ነው። የተቃጠለው ጋዝ ኦክስጅኑ ያነሰ በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የሙቀት ጣሪያ ዝቅ ያደርጋል። ሙቀቱ ሲቀንስ ሳንባን የሚጎዱት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች መጠንም ይቀንሳል።

ይህ መልካም ሥራ የራሱ ዋጋ አለው። የተመለሰው ጋዝ ጥላሸት ይዞ ይመጣል። ጥላሸቱ ከሞተሩ ከሚነሣው የዘይት እንፋሎት ጋር ተደባልቆ በቫልቩ፣ በቱቦው እና በአየር ማስገቢያው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። መንገዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። አጭር ርቀት የሚሄዱ፣ ሞተራቸው ሳይሞቅ የሚቆሙ ወይም ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ የሚሠሩ መኪናዎች ላይ ክምችቱ ይፈጥናል።

ኮምፒውተሩ የጋዙን ፍሰት የሚገምትበት መንገድም ሊታወቅ ይገባል። በበርካታ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ የተመለሰውን ጋዝ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። ኢጂአር ሲከፈት የተቃጠለው ጋዝ የንጹሑን አየር ቦታ ስለሚይዝ ከአየር ማጣሪያው በኩል የሚገባው አየር ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ይህን ቅናሽ የሚያየው በአየር መጠን ሴንሰሩ አማካይነት ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ በአቧራ ከተሸፈነ እና የተሳሳተ ቁጥር ከላከ፣ ፍጹም ጤናማ የሆነው ኢጂአር ጥፋተኛ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ አቧራ ውስጥ ለሚመላለስ ፒክአፕ ይህ በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

በጥቅሉ "ፒ0401" ከሚከተሉት ከአንዱ ሊመነጭ ይችላል፦ በጥላሸት የተደፈነ መንገድ፣ የተጣበቀ ቫልቭ፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የደከመ የቫኪዩም ፓምፕ፣ ቫኪዩሙን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ብልሽት፣ የተቆረጠ ወይም የዛገ ሽቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር። ከሰባቱ አዲስ የኢጂአር ቫልቭ በመግዛት የሚፈታው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በማጽዳት ይድናል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ጥሩ ፍተሻ ምንም ከማያስከፍለው ተነሥቶ ወደሚያስከፍለው ይሄዳል።

1. ኮዱን መመዝገብ። ኮዶቹ ሁሉ ከመጥፋታቸው በፊት በወረቀት ላይ ይጻፋሉ። መሣሪያው ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ፍጥነት እና ጭነት ካሳየ እርሱም አብሮ ይያዛል። ባትሪ መንቀል ይህን መረጃ ሁሉ ሊያጠፋው ስለሚችል ለፍተሻ ከመሄድ በፊት ባይደረግ ይመረጣል።

2. የኮዶቹን ቅደም ተከተል መለየት። ከአንድ በላይ ኮድ ካለ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እና ስለ ሴንሰር የሚናገረው ይቀድማል። ከ"ፒ0401" ጋር "ፒ0403" ካለ የቫልቩ የኤሌክትሪክ መስመር በመጀመሪያ ይታያል። "ፒ0100" ወይም "ፒ0101" ካለ ደግሞ ሥራው ከአየር መጠን ሴንሰሩ ይጀምራል። መሠረቱ ሲስተካከል ሌላው ኮድ በራሱ ሊጠፋ ይችላልና።

3. ባትሪን መለካት። ደካማ ባትሪ እና ደካማ ዲናሞ ኮምፒውተሩን ያሳስታሉ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ሊነበብ ይገባል።

4. በዐይን መፈተሽ። ኮፈኑ ተከፍቶ የጎማ ቱቦዎች፣ የሽቦ መገጣጠሚያዎች እና የአየር ማጣሪያው ይታያሉ። በእህል ጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪና ሽቦው በአይጥ ሊበላ ይችላል። ከማጣሪያው በኋላ ያለው የአየር ቱቦ ከተሰነጠቀ ደግሞ ያልተለካ እና ያልተጣራ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል።

5. የአየር መጠን ሴንሰሩን ማጽዳት። ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ፈሳሽ ብቻ ተረጭቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በውስጡ ያለው ሽቦ እጅግ ቀጭን በመሆኑ በጨርቅ፣ በብሩሽ ወይም በኃይለኛ የኮምፕረሰር አየር ሊነካ አይገባም።

6. ፍሰቱን መፈተን። በቫኪዩም ለሚሠሩ ቫልቮች አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ እየሠራ የአየር መጠኑ ከማንበቢያው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ትንሽ የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ጫፉ ይደፈናል። የአየሩ ቁጥር በግልጽ ከፍ ካለ ጋዙ ቀድሞውኑ እያለፈ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ጋዝ አያልፍም፤ ወይም ቫኪዩም አልደረሰውም። ሞተሩ ለብዙ ደቂቃ በሚኒሞ ከቆየ ኮምፒውተሩ ራሱ ኢጂአሩን ሊዘጋው ስለሚችል፣ ሙከራው ነዳጅ ረገጥ ተደርጎ ከተለቀቀ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ቢደረግ መልካም ነው።

7. ቫልቩን ለይቶ መሞከር። በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ከቫልቩ ጋር ሲገናኝ ዘንጉ መንቀሳቀስ፣ ቫኪዩሙም ሳይፈስ መቆየት አለበት። ዘንጉ ከተንቀሳቀሰ እና ቫኪዩም ከያዘ ቫልቩ መተካት አያስፈልገውም። ቀሪው ሥራ ፈትቶ ጥላሸቱን መጥረግ እና በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሶ መግጠም ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈቱ ቫልቮች ግን በማንበቢያ መሣሪያ ታዝዘው ይፈተናሉ እንጂ በዚህ መንገድ አይሞከሩም።

8. በመንገድ ማረጋገጥ። ኮዱ ከተደመሰሰ በኋላ መኪናው በሜዳም በዳገትም መነዳት አለበት። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዓይነት ረጅም ዳገት ጉልበቱንም ጭሱንም ይገልጣል። በጋራዥ ደጃፍ መብራቱ መጥፋቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ማንበቢያው መብራቱን ያጠፋል እንጂ ብልሽቱን አይጠግንም።

በዚህ ሁሉ ሂደት ጥንቃቄ አይለይም። የጭስ መስመሮች ቆዳ ያቃጥላሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር ማስነሣት ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ይችላል። በአዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚበልጥ፣ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ማላላት ነዳጅ ቆዳ በስቶ እንዲገባ ያደርጋል።

ከፍታም ድርሻ አለው

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በመሆኑም በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ለባሕር ወለል የተቀመጠን የአየር መጠን በደጋ ላይ ከተነበበ ቁጥር ጋር እንዳለ አነጻጽሮ ሴንሰሩን "ተበላሽቷል" ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል። የተሻለው መንገድ ተመሳሳይ ሞተር ካለው ጤናማ መኪና ጋር በዚያው ቦታ ማነጻጸር ነው።

የጭሱ ቀለምም ይረዳል። ጥቁር ጭስ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል፤ ምንጩ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚያፈስ የቱርቦ ቱቦ፣ ያረጀ ኖዝል ወይም ክፍት ሆኖ የቀረ ኢጂአር ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይነግራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ ምልክት ነው። ኢጂአሩ ተጠርጎ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ከተደፈነ፣ ጥላሸቱን የሚያበዛው ምክንያት ገና አልተገኘም ማለት ነው።

የቤንዚን ፒክአፖች ጉዳይ

በቤንዚን በሚሠሩ ፒክአፖች ላይ ከሚያስደነግጡ ኮዶች አንዱ "ፒ0420" ነው። የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊስት የሚባለው፣ ሥራው መድከሙን ይጠቁማል። ዕቃው በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት ስላሉት ዋጋው ከባድ ነው። ሆኖም ኮምፒውተሩ የሚፈርደው ከካታሊስቱ በፊት እና በኋላ ባሉት የኦክስጅን ሴንሰሮች ንባብ ነው። በሴንሰሮቹ አቅራቢያ የጭስ ቱቦው ከተሰነጠቀ የውጭ አየር እየገባ ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ የቱቦው ፍሳሽ፣ ከዚያ ሴንሰሩ፣ በመጨረሻ ካታሊስቱ ይፈተሻል።

አብሮ "ፒ0300" ወይም ከ"ፒ0301" እስከ "ፒ0304" ያለ ኮድ ካለ ደግሞ ሲሊንደር እያቀጣጠለ አይደለምና ካንዴላው እና ኮይሉ ይቀድማሉ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ላይ ደርሶ ሲነድ ያቀልጠዋል። ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ይህ አደጋ እየተፈጠረ ነው ማለት ነውና አሽከርካሪው ፍጥነት እና ጭነት ቀንሶ በቶሎ መቆም ይኖርበታል።

የቤንዚን ትነትን የሚከታተል ሥርዓት ባላቸው መኪናዎች ላይ እንደ "ፒ0455" ያለ ኮድ የሚመጣው አንዳንዴ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ስላልጠበቀ ነው። የጠፋ ክዳንን በጨርቅ ወይም በላስቲክ መተካት ኮዱን አያጠፋም፤ አቧራ እና ውኃም ያስገባል።

መድፈን መፍትሔ ይሆናልን?

አንዳንዶች የኢጂአሩን መንገድ በቆርቆሮ ማስደፈንን ወይም የዳሽቦርዱን አምፖል ማስነቀልን እንደ አቋራጭ ይወስዱታል። የተደፈነ ኢጂአር የአየር ማስገቢያውን ከጥላሸት ያሳርፈው ይሆናል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን ቅናሽ ስለማያገኝ ኮዱ ይመላለሳል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም ጉልበት ይቀንሳል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት እና የናይትሮጅን ኦክሳይዱ መጠንም ከፍ ይላል። አምፖሉ የተነቀለበት መኪና ደግሞ ነገ የሚመጣውን ከባድ ብልሽት የሚናገርበት አንደበት አይኖረውም።

ጉዳቱ በባለንብረቱ ላይ ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.አ.አ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጎራ መድቦታል። ጭሱን በቅድሚያ የሚስቡት በመናኸሪያ የሚሠሩ ወጣቶች፣ በመንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶች እና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕጻናት ናቸው።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለንብረቱ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም። ዕቃ እንዲገዛ ሲነገረው ግን አምስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይችላል። የወጡት ኮዶች በሙሉ የትኞቹ ናቸው? ዕቃው መበላሸቱ በምን ሙከራ ታወቀ? ሽቦው፣ ቱቦው እና የአየር ማጣሪያው ታይተዋል? ማጽዳት በቂ እንደማይሆን በምን ተረጋገጠ? ከሥራው በኋላ መኪናው በመንገድ ይፈተናል ወይ?

ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ ሙከራውንም እያሳየ ይሠራል። መልሱ "ኮዱ እንዲህ ስላለ" የሚል ብቻ ከሆነ ግን ፍተሻው ገና አልተጀመረም። የዓመታዊ ምርመራ እና የቦሎ ጊዜ እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ በተለይም የምርት መጫኛ ወቅት ከመግባቱ በፊት መብራቱን ማስፈተሽ ደግሞ ወጪንም ጊዜንም ያድናል።